ከኑግ የተገኘው ሰሊጥ እንዳይወቀጥ፦ መራጭ ካታሊስት እንዴት ይነደፋል?

መግቢያ

በጥቅምት ወር ከግሽ ዓባይ ደጋ ተነስቶ ወደ ቡሬና ፍኖተ ሰላም የሚወርድ ሰው ከመንገዱ ግራና ቀኝ ቢጫ የኑግ ማሳ ማየቱ አይቀርም። ያ ኑግ ተወቅጦ ወይም ተጨምቆ ዘይት ይሆናል። ስለ ኑግ አንድ የታወቀ ተረትም አለን፤ «ከኑግ የተገኘህ ሰሊጥ አብረህ ተወቀጥ» ይባላል። ሙቀጫ አይመርጥም ማለት ነው። ውስጡ የገባውን ሁሉ እኩል ይወቅጣል።

በኬሚስትሪም እንደ ሙቀጫው የማይመርጡ ካታሊስቶች አሉ። በአንድ ሞለኪውል ውስጥ ሃይድሮጅን ሊቀበሉ የሚችሉ ሁለትና ሦስት ቦታዎች ቢኖሩ ሁሉንም ያጠግቧቸዋል። እኛ የምንፈልገው ግን ብዙ ጊዜ አንዱ ቦታ ብቻ እንዲነካና ሌላው እንዳለ እንዲቀር ነው። በዚህች ጽሑፍ ላሳይ የምሞክረው፣ በተሸካሚ ላይ የተዘራ ሜታል እንዴት ተደርጎ ቢሠራ «ሰሊጡን ከኑጉ ለይቶ» እንደሚተው ነው። ምሳሌዎቼን ከአካባቢያችን ወስጃለሁ፤ ኑግ፣ ጠጅ ሣርና ጉሎ ናቸው።

1. የሚረጋ ዘይት ሁሉ አንድ አይደለም

ኬሚስትሪ እንደምንማር የሚያውቁ ዘመዶችና ጎረቤቶች ደጋግመው የሚጠይቁን ነገር አለ። «ይኼ የሚረጋው ዘይት ምን ተጨምሮበት ነው?» ይሉናል። አብዛኞቻችን ቶሎ ብለን «ሃይድሮጅን» ብለን እንመልሳለን። መልሱ ግን ብዙውን ጊዜ ትክክል አይደለም። በገበያችን የምናውቀው የሚረጋ ዘይት በአብዛኛው የፓልም ዘይት ነው። የፓልም ዘይት ከፋቲ አሲዶቹ ወደ 44 በመቶ የሚሆነው ፓልሚቲክ የሚባል የጠገበ አሲድ ስለሆነ ማንም ሃይድሮጅን ሳይጨምርበት በተፈጥሮው ይረጋል። በግሽ ዓባይ ብርድማ ቢረጋ ምን ይገርማል! ስለዚህ መርጋቱን ብቻ አይቶ «ይኼ የፋብሪካ ኬሚካል አለበት» ማለት አይቻልም። እንዲሁም አንድ ዘይት ስላልረጋ ብቻ ንጹሕ ነው ማለት አይቻልም።

በ2013 ዓ.ም. በቡሬ ፊቤላ የተባለው ግዙፍ የምግብ ዘይት ፋብሪካ ተመርቋል። የቡሬ የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ፓርክም የተመረቀው በዚያው ዓመት ነው። ዘይት ፋብሪካ ማለት የግድ ሃይድሮጅን ማለት አይደለም፤ ማጣራት፣ ማንጣትና ሽታ ማስወገድ ብቻውን ትልቅ ሥራ ነው። ነገር ግን እንዲህ ያለ ኢንዱስትሪ በደጃችን ሲቆም፣ ዘይት ምን እንደሆነና ሃይድሮጅን ሲነካው ምን እንደሚሆን አጥርቶ ማወቅ ለእኛ ለኬሚስትሪ ተማሪዎች የውዴታ ጉዳይ አይመስለኝም።

2. በኑግ ዘይት ውስጥ ምን አለ?

በአገራችን የሚበቅለው ኑግ ከፋቲ አሲዶቹ ወደ 70 በመቶና ከዚያም በላይ የሚሆነው ሊኖሌይክ አሲድ ነው። ሊኖሌይክ 18 ካርቦኖችና 2 ድርብ ቦንዶች አሉት። አንደኛው ድርብ ቦንድ ከጠገበ ኦሌይክ አሲድ ይሆናል። ሁለቱም ከጠገቡ ስቴሪክ አሲድ ይሆናል። የእነዚህ ነገሮች መቅለጫ ነጥብ እንዲህ ነው፦

ሊኖሌይክ — ከዜሮ በታች 5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ
ኦሌይክ — 13 ዲግሪ ገደማ
ኢላይዲክ (የኦሌይክ ትራንስ ወንድም) — 45 ዲግሪ ገደማ
ስቴሪክ — 69 ዲግሪ ገደማ

ሦስተኛውን መስመር ልብ በሉልኝ። ኦሌይክና ኢላይዲክ የአተሞቻቸው ቁጥር እኩል ነው፤ ልዩነታቸው በድርብ ቦንዱ ላይ ያሉት ሃይድሮጅኖች በአንድ ወገን መሆናቸው ወይም በተቃራኒ ወገን መሆናቸው ብቻ ነው። ይህች ትንሽ ልዩነት መቅለጫውን በ30 ዲግሪ ታንራለች። የሰው ጤና ጉዳይም ያለው እዚህ ላይ ነው። ትራንስ ስብ መጥፎ የሚባለውን ኮሌስትሮል ይጨምራል፣ ጥሩ የሚባለውን ይቀንሳል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 በኢንዱስትሪ የሚሠራ ትራንስ ስብ ከምግብ እንዲወገድ ለአገሮች ጥሪ ሲያቀርብ፣ ከአማራጮቹ አንዱ ከ100 ግራም ስብ ውስጥ ከ2 ግራም እንዳይበልጥ በሕግ መገደብ ነበር።

ታዲያ ሃይድሮጅን መጨመሩ ለምን አስፈለገ? ምክንያቱ ኦክስጅን ነው። ሊኖሌይክ ከኦሌይክ ይልቅ በአየር ወደ አሥር እጥፍ ገደማ ፈጥኖ ይበላሻል። የቆየ የኑግ ዘይት የሚሸተው ለዚህ ነው። እንግዲህ ሊኖሌይክን ወደ ኦሌይክ ብቻ አድርሶ የሚያቆም ካታሊስት ቢገኝ፣ ሳይረጋና ትራንስ ሳይሆን የሚቆይ ዘይት ተገኘ ማለት ነው።

የሚያስፈልገውን ሃይድሮጅን ብናሰላ ብዙ አይደለም። በ1 ኪሎ የኑግ ዘይት ውስጥ ወደ 2.45 ሞል ሊኖሌይክ አለ። አንድ ድርብ ቦንድ አንድ የሃይድሮጅን ሞለኪውል ስለሚወስድ 2.45 ሞል ሃይድሮጅን ይበቃል። ይህም 5 ግራም አይሞላም፤ በመደበኛ ሁኔታ ቢለካ ወደ 55 ሊትር ጋዝ ነው። ሃይድሮጅኑን ማግኘት አንድ ነገር ነው፤ በትክክለኛው ቦታ ማሳረፍ ግን ሌላ ነው።

3. በሜታሉ ገጽ ላይ ምን ይከናወናል?

ሃይድሮጅንና ዘይትን ቀላቅለን ብናስቀምጣቸው ምንም አይሆኑም። የሃይድሮጅን ሞለኪውል ቦንድ ለመስበር በሞል 436 ኪሎ ጁል ይጠይቃል። ፈረንሳዊው ፖል ሳባቲዬ ከሳንደረን ጋር እ.ኤ.አ. በ1897 የደቀቀ ኒኬል ኤትሊንን በሃይድሮጅን እንደሚያጠግብ አሳየ፤ በ1912ም ለዚህ ሥራው የኖቤል ሽልማት ተካፈለ። ጀርመናዊው ቪልሄልም ኖርማን ደግሞ ዘዴውን ወደ ፈሳሽ ዘይት አምጥቶ በ1902 የፈጠራ መብት አስመዘገበ። የማርጋሪን ኢንዱስትሪ የተስፋፋው በዚህ ዘዴ ነው።

የሜታል ገጽ እንደ ጥሩ ባለቤት ነው። እንግዳውን ደጃፍ ላይ አያቆመውም፤ ከገባ በኋላ ደግሞ «አትሄድም» ብሎ አያግተውም። በጣም አጥብቆ የሚይዝ ሜታል ገጹ ይዘጋል፤ አላልቶ የሚይዝ ደግሞ ሥራው ሳይጀመር ይለቃል። ኒኬል፣ ፓላዲየምና ፕላቲነም መካከለኛውን ያዙ፤ ለዚህ ነው የተመረጡት።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንምጣ። ሆሪዩቲና ፖላኒ እ.ኤ.አ. በ1934 ባቀረቡት አካሄድ መሠረት ሃይድሮጅን ወደ ድርብ ቦንድ የሚገባው በአንዴ ሳይሆን አንድ አንድ አተም እየሆነ ነው። የመጀመሪያው አተም ሲገባ ግማሽ የጠገበ ነገር በገጹ ላይ ይቆያል። ከዚህ በኋላ ሁለት መንገድ አለው። ሁለተኛ አተም አጠገቡ ካገኘ ይጠግባል፣ ይሄዳል። ካላገኘ ግን የተቀበለውን ወይም የጎረቤቱን ሃይድሮጅን መልሶ ይለቅና ድርብ ቦንዱ እንደገና ይሠራል። ግማሽ ጠግቦ በቆየበት ጊዜ ቦንዱ እንደ ልቡ ስለሚዞር፣ ሲስ ሆኖ የገባው ትራንስ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ትራንስ ስብ የሚወለደው በቃ እዚህች ቅጽበት ላይ ነው።

ከዚህ አንድ አጣብቂኝ ይከተላል። በገጹ ላይ ሃይድሮጅን ከበዛ (ግፊቱ ከፍ፣ ሙቀቱ ዝቅ ሲል) ግማሽ የጠገበው ቶሎ ይጠግባል፣ ትራንስ ያንሳል፤ ነገር ግን ኦሌይኩም ሳይመረጥ አብሮ ወደ ስቴሪክ ይሄዳል። ሃይድሮጅን ካነሰ ደግሞ ሁለት ድርብ ቦንድ ያለው ሊኖሌይክ በገጹ ላይ ቅድሚያ ስለሚያገኝ ኦሌይኩ ይተርፋል፤ ትራንሱ ግን ይበዛል። ከሁለቱ አንዱን ስንሸሽ በሌላው እንያዛለን። የካታሊስት ንድፍ ማለት እንግዲህ ይኼንን አጣብቂኝ ማላላት ነው።

4. አምስት የንድፍ ውሳኔዎች

ሀ. ሜታሉ። ኒኬል ርካሽ ነው፤ የዘይት ኢንዱስትሪ የቆመውም በእሱ ነው። ፓላዲየም በጣም ንቁ ነው፤ ነገር ግን ቦንድ ማዟዟር ስለሚወድ ትራንስ ያበዛል። ፕላቲነም ትራንስ ያሳንሳል፤ ግን ስቴሪክ ያበዛል፣ ዋጋውም አይቀመስም።

ለ. የቅንጣቱ መጠን። ሥራው ያለው በገጹ ላይ ነው፤ ውስጥ የተቀበረ አተም አይሠራም። 1 ግራም ኒኬል አንድ ወጥ ኩብ ቢሆን ጠቅላላ ገጹ 1.4 ካሬ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ያው 1 ግራም 5 ናኖ ሜትር በሆኑ ድብልብሎች ቢከፋፈል ግን ገጹ ወደ 135 ካሬ ሜትር ይደርሳል። ከመረብ ኳስ ሜዳ ጥቂት ነው የሚያንሰው! በግምት ሲታሰብ የ4 ናኖ ሜትር የኒኬል ቅንጣት ከአተሞቹ ሩቡ፣ የ10 ናኖ ሜትሩ ደግሞ አሥር በመቶው ገጽ ላይ ነው።

ሐ. ተሸካሚው። እነዚያ ቅንጣቶች ብቻቸውን ቢተዉ በሙቀት ተያይዘው መልሰው ትልቅ ይሆናሉ። ስለዚህ ሲሊካ፣ አሉሚና ወይም ካርቦን ላይ ይዘራሉ። እዚህ ላይ ቀዳዳው ወሳኝ ነው። የዘይት ሞለኪውል (ትሪግሊሰራይድ) ትልቅ ነው፤ ጠባብ ቀዳዳ ውስጥ ተቸግሮ ይገባል፣ ተቸግሮ ይወጣል። ኦሌይክ ከሆነ በኋላ ቶሎ ካልወጣ እዚያው ታግቶ ስቴሪክ ይሆናል። ስለዚህ «ብዙ ገጽ ይኑረው» ብሎ በጠባብ ቀዳዳ የተሞላ ተሸካሚ መምረጥ ለዘይት ስህተት ነው። ጥሩ ተሸካሚ ሰፊ በር አለው።

መ. ሦስተኛው እጅ። አንዳንዴ ካታሊስትን መራጭ የሚያደርገው ሆን ተብሎ የተሰጠው ትንሽ መርዝ ነው። ሊንድላር እ.ኤ.አ. በ1952 ያወጣው ካታሊስት በካልሲየም ካርቦኔት ላይ ያለ ፓላዲየም ሲሆን፣ በእርሳስ ጨው ተዳክሞ ኪኖሊን ይጨመርበታል። ሦስት ቦንድ ያለውን አልካይን ወደ ሲስ አልኪን አድርሶ ያቆማል። ቫይታሚን ኤ በፋብሪካ ለማዘጋጀት ጠቅሟል። የፌስታል ጥሬ ዕቃ በሆነው ኤትሊን ውስጥ የተሰገሰገችውን ጥቂት አሲትሊን የሚያጠፋው ፓላዲየምም ብዙ ጊዜ ብር ይደባለቅበታል፤ አለበለዚያ ኤትሊኑን ራሱን ይበላዋል።

ያልተጋበዘ መርዝም አለ። ድኝ ኒኬልን ይገድላል፣ ያልገደለውን ደግሞ ወደ ትራንስ ያዘነብለዋል። የጎመን ዘር ዘይት ድኝ ያዘሉ ውሕዶች ስለሚገኙበት ለኒኬል አስቸጋሪ ነው። ያልተጣራ የኑግ ዘይት ውስጥ ያለው ፎስፎሊፒድም ገጹን እንደ ሙጫ ይሸፍነዋል። ስለዚህ ካታሊስቱ ከመግባቱ በፊት ዘይቱ መጣራት አለበት።

ሠ. አሠራሩ። ቀላሉ መንገድ የኒኬል ናይትሬት ሙሙት በተሸካሚው ላይ አፍስሶ፣ በ110 ዲግሪ አድርቆ፣ በ400 ዲግሪ ገደማ አቃጥሎ፣ ከዚያ በሃይድሮጅን መቀነስ ነው። ለምሳሌ በ5 ግራም ሲሊካ ላይ 20 በመቶ ኒኬል ለማድረግ 1.25 ግራም ኒኬል፣ ማለትም 6.2 ግራም ገደማ ስድስት ውሃ ያለው ኒኬል ናይትሬት ያስፈልጋል። ነገር ግን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው፣ በጥድፊያ ከደረቀ ጨው ከውሃው ጋር ወደ ዳር ይሸሽና ኒኬሉ አንድ ቦታ ይከመራል። የተሻለው ዘዴ ዩሪያ ጨምሮ በ90 ዲግሪ ማቆየት ነው። ዩሪያው ቀስ ብሎ ሲፈርስ ፒኤቹ በየቦታው እኩል ከፍ ይላል፤ ኒኬሉም በእኩል ይዘራል። ማዳበሪያችን ለኬሚስትሪም ይሆናል ማለት ነው።

5. ጠጅ ሣርና ጉሎ

ለበዓል ቤታችን የምንጎዘጉዘው ጠጅ ሣር ሽታው በዋናነት ሲትራል ከሚባል ውሕድ ነው። ሲትራል ሃይድሮጅን የሚቀበሉ ሦስት ቦታዎች አሉት፤ ሁለት የካርቦን–ካርቦን ድርብ ቦንዶችና አንድ የካርቦን–ኦክስጅን ድርብ ቦንድ። የኦክስጅኑ ብቻ ቢጠግብ ጄራኒዮልና ኔሮል ይገኛሉ። እነዚህ የጽጌረዳ ሽታ ያላቸው፣ ለሽቶና ለሳሙና የሚፈለጉ ናቸው። ተፈጥሮ ግን ካርቦን–ካርቦኑን ማጥገብ ይቀላታል፤ ፓላዲየም ብናስገባ መጀመሪያ የሚነካው እሱን ነው። መፍትሔው ፕላቲነም ላይ ቆርቆሮ (ቲን) ማከል ነው። ኤሌክትሮን የጎደለው ቲን የኦክስጅኑን ወገን ወደ ራሱ ይስበዋል፤ ሞለኪውሉ በጀርባው ሳይሆን በኦክስጅኑ በኩል ገጹ ላይ ይቆማል። አቋቋሙን መቀየር ምላሹን መቀየር ነው።

ጉሎ ደግሞ በየአጥሩ ሥር ያለ ተክል ነው። ከዘይቱ ፋቲ አሲዶች ከ85 በመቶ በላይ ሪሲኖሌይክ ነው፤ አንድ ድርብ ቦንድና አንድ የሃይድሮክሲል ቡድን አለው። ድርብ ቦንዱ ጠግቦ ሃይድሮክሲሉ ከተረፈ በ86 ዲግሪ ገደማ የሚቀልጥ ጠንካራ ሰም ይገኛል። ከዚህ የሚገኘው አሲድ ከሊቲየም ጋር ሆኖ መኪና የሚቀባበትን ግሪስ ይሠራል። ሙቀቱ ከበዛ ግን ሃይድሮክሲሉ ይወገድና ተራ ስቴሪክ ብቻ ይቀራል። ይኼ ምርት አይበላም፤ ስለዚህ የትራንስ ጭንቀት የለበትም። ለኒኬል ተስማሚ ሥራ ይህ ነው እላለሁ።

6. በእኛ ቤተ ሙከራ

ተሸካሚ ከውጭ መግዛት የግድ አይደለም። በስምጥ ሸለቆ በአዳሚ ቱሉ አካባቢ ዲያቶማይት አለ፤ የዘይት ኒኬል በዓለም ሲሸከም የኖረው በዚህ ዓይነት አፈር ነው። በደብረ ታቦር ካኦሊን አለ። ከቡና ገለባና ከበቆሎ ቆረቆንዳ ካርቦን ማዘጋጀት ይቻላል።

የሃይድሮጅን ሲሊንደር በሌለበትም ሶዲየም ፎርሜት ወይም አይሶፕሮፓኖል ሃይድሮጅን ለጋሽ ሆነው ከፓላዲየም ጋር መሥራት ይችላሉ። ጋዝ የሚጠቀም ካለ ግን ሃይድሮጅን በአየር ውስጥ ከ4 እስከ 75 በመቶ ሲሆን እንደሚፈነዳ አይርሳ። የተቀነሰ ኒኬልም ደርቆ አየር ካገኘ ራሱ ይቀጣጠላል፤ ፋብሪካዎች በረጋ ስብ ሸፍነው የሚሸጡት ለዚህ ነው።

ውጤቱን ስንለካ አንድ ወጥመድ አለ። በቡሬትና በታይትሬሽን የምንለካው የአዮዲን ቁጥር ስንት ድርብ ቦንድ እንደቀረ ይነግረናል፤ የት እንደቀረ ግን አይነግረንም። ንጹሕ ኦሌይክ አሲድ የአዮዲን ቁጥሩ 90 ነው። ግማሹ ሊኖሌይክ (181)፣ ግማሹ ስቴሪክ (0) የሆነ ድብልቅም 90 ነው! የመጀመሪያው የምንመኘው፣ ሁለተኛው ደግሞ ፈጽሞ የማንፈልገው ምርት ነው። ቁጥራቸው ግን አንድ ነው። ስለዚህ ክፍሎቹን ለየብቻ ለማወቅ ጋዝ ክሮማቶግራፊ፣ ትራንሱን ለማየት ደግሞ ኢንፍራሬድ ያስፈልጋል፤ ትራንስ ቦንድ በ966 ገደማ የሞገድ ቁጥር ላይ ይታያል። ያለ እነዚህ «ካታሊስቴ መራጭ ነው» ብሎ መጻፍ አይገባም።

ማጠቃለያ

ስለ ምግብ ዘይት የእኔ አቋም ግልጽ ነው። በከፊል ሃይድሮጅን የተጨመረበት ዘይት በየትኛውም ኒኬል ቢሠራ ከትራንስ ነጻ ነው ብለን ለሰው ልንነግር አንችልም። ለመብል የተሻሉ መንገዶች አሉ። አንደኛው ዘይቱን ሙሉ በሙሉ አጥግቦ (ያኔ ትራንስ የሚሆን ድርብ ቦንድ አይቀርም) ከፈሳሽ ዘይት ጋር ፋቲ አሲዶቹን ማቀያየር ነው። ሌላው ኦሌይኩ ከፍ ያለ የኑግ ዘር መምረጥ ነው፤ ያኔ ካታሊስቱ ማሳው ራሱ ሆነ ማለት ነው። መራጭ ካታሊስት ጉልበቱን የሚያሳየው በጉሎ፣ በጠጅ ሣርና በመድኃኒት ጥሬ ዕቃዎች ላይ ነው።

ንድፍ የሚጀምረው «ምን ይለወጥ?» በማለት ብቻ አይደለም፤ «ምን ሳይነካ ይቅር?» ብሎ በመጠየቅ ጭምር ነው። ሜታሉ፣ የቅንጣቱ መጠን፣ ተሸካሚው፣ መርዙና አሠራሩ ሁሉ የዚህ ጥያቄ መልስ ናቸው። የመመረቂያ ጥናት ርዕስ የምትፈልጉ የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች በዲያቶማይት ላይ ኒኬል ዘርታችሁ የጉሎ ዘይትን ብትሞክሩ ተሸካሚውም ዘይቱም የአገር ውስጥ ነው። እርማትና አስተያየት ያላችሁ መምህራንም በሚቀጥለው እትም ብትጽፉልን ሁላችንም እንማርበታለን።